ግጥም ለ11ኛ ክፍል፦ ከየት ልጀምር? እንዴትስ ላርም?

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ውድ የሙያ ባልደረቦች። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የግጥም ምዕራፍ አለብኝ፤ ክፍሉ 11ኛ ነው። የተመደበልኝ 6 ክፍለ ጊዜ ሲሆን እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ነው። በአንድ ክፍል 55 ተማሪ አለ። ፎቶኮፒ የለም፣ ያለው ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። ግጥም ተንትኑ ሲባሉ «ገጣሚው ስለ ፍቅር ጥሩ መልእክት አስተላልፏል፤ ግጥሙ በጣም አስተማሪ ነው» ብለው ይዘጋሉ። የትኛው ቃል እንዲህ እንዳስባላቸው ሲጠየቁ መልስ የለም። ጻፉ ሲባሉ ደግሞ መጨረሻው ብቻ የሚመሳሰል ሃያ መስመር ይዘው ይመጣሉ። ቀለም (በአንድ ድምፅ የሚባለውን የቃል ክፍል) ማስቆጠር ይጠቅማል ወይስ ጊዜ ይፈጃል? የ55 ሰው ጽሑፍስ እንዴት ይታረማል? ልምድ ያላችሁ አካፍሉኝ።

የወል_ቤት

መምህር፣ ከጆሮ ይጀምሩ። መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት እያሉ በዘይቤ ዓይነቶች ይጀምራሉ። ተማሪው ስሙን ይሸመድድና መስመሩን ሳይሰማው ያልፋል። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለቆጠራ ይስጡት። ሰሌዳው ላይ ይህን ይጻፉ፣ ለልምምድ የተዘጋጀ ነው፦

ዝናቡ ሲመጣ ገበሬው ተነሳ፣
በሬና ሞፈሩን ትናንት እንዳልረሳ።

መጀመሪያ ፊደሉን ያስቆጥሩ። የመጀመሪያው ስንኝ (መስመር) 13 ይሆናል፣ ሁለተኛው 17። ተማሪዎቹ «አይመጣጠንም» ይላሉ፤ ይበሉ፣ አይቸኩሉባቸው። ከዚያ በተለመደ የንግግር ፍጥነት ሁለት ጊዜ ያንብቡላቸውና በቀለም እንዲቆጥሩ ያድርጉ፦

ዝ-ና-ቡ-ሲ-መ-ጣ / ገ-በ-ሬው-ተ-ነስ-ሳ
በ-ሬ-ና-ሞ-ፈ-ሩን / ት-ናንት-እን-ዳል-ረስ-ሳ

ሁለቱም 12 ቀለም ናቸው፣ 6 ከእረፍቱ በፊት፣ 6 ከእረፍቱ በኋላ። የወል ቤት የሚባለው ይህ ነው። የፊደሉና የቀለሙ ቁጥር የሚለያየው በሳድስ፣ ማለትም እንደ «ት» እና «ን» ባለው ስድስተኛ ፊደል፣ ምክንያት ነው። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ ራሱን ችሎ ይነበባል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ቀለም ይዘጋል። «ዝናቡ» ላይ ያለው «ዝ» ይቆጠራል። «ትናንት» ላይ የመጀመሪያው «ት» ይቆጠራል፣ የመጨረሻዎቹ «ንት» ግን «ና»ን ዘግተው ይቀራሉ። «ክረምት» 4 ፊደል 2 ቀለም ነው። «ትምህርት» 5 ፊደል ሆኖ እሱም 2 ቀለም ነው። ለተማሪ የሚበቃው መመሪያ ይህ ነው፦ በቃል መጀመሪያ ያለ ሳድስ ይቆጠራል፤ በቃል መጨረሻ ያለው ብዙ ጊዜ ይዘጋል፤ መሐል ላይ ያለውን አፍ ይወስናል።

ጥብቀት ቀለም አይጨምርም። «ተነሳ» ላይ «ሳ» ስለሚጠብቅ ግማሹ ወደ ኋላ ሄዶ «ነ»ን ይዘጋል እንጂ ቁጥሩ ያው 3 ነው።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ደግሞ ልንገርዎ። አንደኛ፣ ተማሪው እንደ ፊደል ገበታ እየነጠለ ካነበበ «ትምህርት» 5 ይሆንበታል። ስለዚህ ሳያነቡ አያስቆጥሩ፤ ንባቡ ይቅደም። ሁለተኛ፣ በዜማ ከቆጠሩ ይሳሳታሉ። ዘፋኝ መዝጊያውን ሳድስ እየጎተተ ቀለም ይጨምርበታል። ሦስተኛው የተውጦ፣ ማለትም አንዱ አናባቢ በሌላው የመዋጥ፣ ነገር ነው። «የአገሬ» 4 ሲሆን «ያገሬ» 3 ነው፤ «ለእኔ» እና «ለኔ»ም እንዲሁ። ገጣሚው የመረጠውን አጻጻፍ እንዳለ ይቁጠሩት። አራተኛ፣ «ልጅነት»ን የመሰለ ቃል ሲጎተት 3፣ ሲፈጥን 2 ይሆናል። እዚህ ላይ ክርክር ሲነሳ የቀረውን ስንኝ ቆጥረው የሚጎድለውን ይዩ፣ ምቱ ራሱ ይፈርዳል።

55 ሰው ሲያጨበጭብ ምንም አይሰማም። መዳፋቸውን አገጫቸው ሥር ያድርጉና ዝግ ብለው ይበሉት፤ አገጭ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ቀለም ነው። ወይም በየረድፉ ተራ በተራ ጠረጴዛ ያንኳኩ።

6/6 ሲገባቸው ወደ 5/5 ይሂዱ፣ ሰንጎ መገን ነው፦

ደመና ወርዶ ጋራ ሸፈነ፣
ያገሬ መንገድ የት ላይ ባከነ።

ሁለቱን ጥንድ በተከታታይ አስነብበው «የትኛው ይፈጥናል?» ብለው ይጠይቁ። ሁሉም 5/5ን ይመርጣሉ። ያን ጊዜ ምት ምን እንደሆነ ያለ ትርጓሜ ገብቷቸዋል። ጊዜ ከተረፈ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም «የጸጋዬ ቤት» የተባለውን 8/8 ያሳዩ። ስንኙ ረጅም ስለሆነ ሐሳብ እየተጎተተ ሲመጣ ይታያቸዋል፦

ማለዳ የወጣች ጀንበር / ምሽት ላይ ፊቷን አዞረች

አንጓ

የወል_ቤት ያሉትን አከብራለሁ፣ ሆኖም 40 ደቂቃ ሙሉ ለቆጠራ ብዙ ነው። ቆጠራው ደስ ይላቸዋል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩ ከሞላ ግጥሙ ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ 20 ደቂቃ እሰጠውና በቀሪው ግጥሙን በሦስት ድምፅ አስነብበዋለሁ፤ አንድ ሴት ልጅ፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ በመጨረሻም መምህሩ። ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርባል፦ «የትኛው ቃል ላይ ድምፁ ከፍ አለ?» ተማሪዎቹ የሚጠቅሱት ቃል ብዙውን ጊዜ የትንታኔው መነሻ ይሆናል።

ሌላው፣ ዛሬ ብዙ ገጣሚ በቀለም ቁጥርም በቤትም (በስንኝ መጨረሻ ተመሳሳይ ድምፅ) አይታሰርም። ተማሪው ከስልኩ ላይ የሚያነበው ግጥም 6/6 ላይሆን ይችላል። «ይህ ግጥም አይደለም» ብሎ እንዲደመድም ማድረግ የለብንም።

የወል_ቤት

አንጓ፣ ሁለተኛው ነጥብዎ ላይ እስማማለሁ፤ በነጻ ስንኝ የተጻፈውን በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ማምጣት ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን ይከበር። 6/6ን በጆሮው የያዘ ተማሪ ነጻው ስንኝ የት ላይ ሆን ብሎ እንደሰበረ ያውቃል። ያልያዘው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሆንበት። 20 ደቂቃውን በተመለከተ፣ ተማሪዎቹ በ9ኛ ክፍል ቆጥረው ከመጡ ይበቃል። ካልሆነ ግን ሳድስ ብቻውን 20 ደቂቃውን ይበላዋል።

ወርቅ_ፈላጊ

ለትንታኔው ክፍል የምሰጠው ምክር ይኼ ነው፦ ስለ መልእክት አይጠይቁ። «ገጣሚው ምን ለማስተላለፍ ፈለገ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው «ስለ ፍቅር አስተላልፏል» የሚለውን መልስ የሚጠራው። በምትኩ ተማሪው ጣቱን አንድ ቃል ላይ እንዲያሳርፍ የሚያስገድድ ጥያቄ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ይህን ጥንድ ስንኝ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦

ዛሬም እንደ ትናንት ሰው መች ይተኛልኝ፣
በጎረቤቴ ቤት ስለት ተሳለልኝ።

መጀመሪያ ማን ለማን እንደሚናገር ይለዩ። ተናጋሪው «እኔ» ነው፤ ገጣሚው ግን አይደለም። ተማሪ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከመነሻው «ተናጋሪው» እንዲሉ ያስለምዷቸው።

ቀጥሎ ሰሙን፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማውን ፍቺ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር በስድ ንባብ ይጻፉ፦ «ሰዎች ስለ እኔ ተጨንቀው አይተኙም፤ በጎረቤቴ ቤት ሰው ደኅና እንድሆን ስለት ተስሎልኛል።» ይህ ምስጋና ነው።

ከዚያ ሁለት ፍቺ የሚሸከመውን ቃል፣ ማለትም ኅብረ ቃሉን፣ ይፈልጉ። «ስለት» ለአድባር ወይም ለታቦት የሚገባ ቃል ኪዳን ነው፣ የቢላዋ አፍም ስለት ይባላል። «ተሳለ» ለሁለቱም ይሆናል፤ ሰው ስለት ይሳላል፣ ቢላዋም ይሳላል። ወርቁን፣ ማለትም የተደበቀውን ፍቺ፣ እንደገና በሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስጽፉ፦ «ሰዎች ለእኔ አይተኙልኝም፤ በጎረቤቴ ቤት ቢላዋ ተስሎልኛል።» አሁን ዛቻ ሆነ። «ይተኛልኝ»ም ተገልብጧል፤ በሰሙ ከሐሳብ የተነሣ እንቅልፍ ማጣት ነበር፣ በወርቁ ግን ጠላት የማያርፍበት ሌሊት ነው።

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ መስጠት የሚገባው የመለወጥ ሙከራ ነው። አንድ ፊደል ለውጠው ያንብቡ። «ተሳለልኝ» የነበረውን «ተሳለብኝ» ያድርጉት። ምን ሆነ? ሰሙ ፈረሰ፤ ምስጋናው ጠፍቶ ዛቻው በግልጽ ወጣ። ሰሙን የያዘው «ል» ነው ማለት ነው። «ስለት»ን «ስእለት» ብለው ቢጽፉት ደግሞ በተቃራኒው ወርቁ ወረቀት ላይ ይዘጋል። ተማሪው ይህን በዓይኑ ሲያይ «የትኛው ቃል?» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ይገባዋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ሰምና ወርቅ የተማረ ክፍል በየግጥሙ ድብቅ ፍቺ ማደን ይጀምራል። መፈተኛው ይህ ነው፦ ወርቁ በጠቅላላው ጥንድ ስንኝ ላይ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ካልሠራ ወርቅ አይደለም፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ስላለው ብቻ አይሆንም። ሁለተኛው፣ በመጥበቅና በመላላት ብቻ የሚለያዩትን ቃላት (ገና እና ገና፣ ዋና እና ዋና) ለጀማሪ አይስጡ። ነባሩ ግጥም ይጠቀምባቸዋል፣ ግን ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ወይ ማጥበቅ ወይ ማላላት ስላለበት አንዱን ፍቺ አስቀድሞ ይመርጣል። «ስለት» እና «ተሳለ» በሁለቱም ፍቺ እኩል ይነበባሉ፤ ስለዚህ ለመነሻ ይመቻሉ።

ደብተር_ቁጥር_ሁለት

ወርቅ_ፈላጊ፣ ግሩም ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «ይተኛልኝ» እና «ተሳለልኝ» ቤት የሚመቱት በቅጥያ ነው፣ «ልኝ» በ«ልኝ»። ተማሪዎቻችን እኮ ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚያመልጡት። ምሳሌው ራሱ መጥፎ ልማድ አያስተምርም?

ወርቅ_ፈላጊ

ጥያቄዎ ትክክል ነው። በአማርኛ ግሥ ዓረፍተ ነገር ስለሚዘጋ በግድየለሽነት የተጻፈ ስንኝ ሁሉ በ«ኝ»፣ በ«ሽ»፣ በ«አለሁ» ያልቃል። ልዩነቱ ቅጥያው ሥራ አለው ወይ የሚለው ነው። እዚህ «ልኝ» ሰሙን ተሸክሞታል፤ ሲነሣ ጥንዱ ይፈርሳል። መፈተኛውም ያው የመለወጥ ሙከራ ነው። ቅጥያውን ሲለውጡት ፍቺው ካልተነካ ቅጥያው ቤት ለመሙላት የገባ ነው። ለክፍሉ ይህንኑ ጥያቄ ራስዎ ያቅርቡት፤ ከመምህሩ ከሚሰሙት ይልቅ በተቃውሞ መልክ ቢመጣ ክርክሩ ይሞቃል።

እርሳስ

ስለ መጻፉ ልጨምር። ሃያ መስመር አይዘዙ። 4 ስንኝ በቂ ነው፣ ለመጀመሪያው ልምምድ 2። ተማሪው የሚያመጣው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፦

እናቴ እናቴ እወድሻለሁ፣
ሁልጊዜ ካጠገብሽ እኖራለሁ።

ለክፍሉ በዚህ ላይ ሦስት ነገር ማሳየት ይቻላል። መጀመሪያ ቆጠራው፦ የላይኛው 6/6 ነው። የታችኛው ድምሩ 12 ሆኖ ሳለ «ሁል-ጊ-ዜ-ካ-ጠ-ገ-ብሽ» 7፣ «እ-ኖ-ራል-ለ-ሁ» 5 ነው። ቁጥሩ ሞልቷል፣ እረፍቱ ግን ተንሸራቷል። ሲነበብ ስድስተኛው ቀለም ላይ ቃሉ መሐል ይሰበራል። ድምሩን ብቻ የሚቆጥር ተማሪ ይህን አያገኘውም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱን ሐረጎች ለየብቻ ያስቆጥሩ። ሁለተኛ፣ ቤቱ «አለሁ» በ«አለሁ» ነው። ሦስተኛ፣ የማን እናት እንደሆነች አይታወቅም። ለማንም እናት ቢሰጥ ይሆናል።

እርማቱ በሦስት እርምጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ ተማሪው እናቱን ሳይሆን ከእናቱ ጋር የሚታዩ ዕቃዎችን ይዘርዝር፣ ቢያንስ 8 ስም። ቅጽልና ስሜት አይፈቀድም። ከዝርዝሩ ሁለት ዕቃ ይመረጣል። ቀጥሎ ስለ ሁለቱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በስድ ንባብ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «እናቴ ከሰሉ ምን ያህል እንደሚግል በጣቷ ታውቃለች»፣ «ነጠላዋ አርጅቶ የሠርጓ ቀን ጥለት አይታይም»። በመጨረሻ ግሡ ከስንኙ ጫፍ ይነሣና መሐል ይገባል፤ ጫፉ ለስም ይለቀቃል፦

የናቴ ጣት ያውቃል የከሰሉን ግለት፣
ነጠላዋ ረስቷል የሠርጓን ቀን ጥለት።

የ-ና-ቴ-ጣት-ያው-ቃል / የ-ከ-ሰ-ሉን-ግ-ለት። ሁለተኛውም 6/6 ነው። ቤቱ «ግለት» በ«ጥለት»፣ ስም በስም። «ያውቃል» እና «ረስቷል» በእረፍቱ ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል። «እወድሻለሁ» የሚል ቃል የለም፤ ፍቅሩ ግን አለ።

ስለ ቤት መምታት አንድ መመሪያ ይበቃቸዋል። የመጨረሻው ፊደል አናባቢ ያለው ከሆነ (ሳ፣ ነ፣ ቱ) ያ ፊደል ራሱ መመሳሰል አለበት። ሳድስ ከሆነ ግን ከሱ በፊት ያለው አናባቢም መመሳሰል አለበት። «ቀን» ከ«ዘፈን» ጋር ይሄዳል፣ ከ«ወይን» ጋር አይሄድም። «ቤት» ከ«ሌሊት» ጋር አይሄድም፣ «ት» ስለተጋሩ ብቻ አይበቃም።

ለመጀመሪያዎቹ ልምምዶች የእገዳ ዝርዝር ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉና እስከ መጨረሻው አይጥፋ፦ በ«ነው»፣ በ«አለሁ»፣ በ«አለች»፣ በ«ኝ»፣ በ«ሽ» መጨረስ አይቻልም። «ጽጌረዳ»፣ «ጨረቃ»፣ «እንደ ማር» የሚሉትም ለጊዜው ይቆዩ። እገዳው ለልምምድ እንደሆነ ይንገሯቸው፣ አለዚያ እነዚህ ቃላት ስሕተት እንደሆኑ ያስባሉ።

ጠመኔ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እርሳስ፣ ያ 7/5 የኔ ክፍል ውስጥም ሞልቷል፤ እኔም ድምሩን ብቻ ነበር የማስቆጥረው። ለማረሙስ ምን ትሉኛላችሁ?

ቀይ_እስክሪብቶ

ከ20 እንዲህ ይከፋፈላል፦ ቆጠራ 3፣ ሰሙን በስድ ንባብ መጻፍ 4፣ የትንታኔ አንቀጽ 7፣ የራስ ግጥም 6። ለራስ ግጥም የተሰጠው 6 በሦስት ይከፈላል፤ 2 ለቀለምና ለእረፍት፣ 2 ለቤት፣ 2 ለእርማቱ። ለእርማቱ ማለት ተማሪው የመጀመሪያ ረቂቁንና የታረመውን ሁለቱንም ያስረክባል፤ የተለወጠው ነገር ነጥብ ያገኛል። «ውበት» ለሚባል ነገር ነጥብ አይመድቡ። ለመምህሩም ለተማሪውም መከራከሪያ ይሆናል፣ ጎበዙንም ከማረም ያሳንፈዋል።

ሥራውን የሚያቀለው ቡድን ነው። 55 ተማሪ ማለት አምስት አምስት ሆነው 11 ቡድን ናቸው። ቆጠራውን ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ ደብተር ይለዋወጡና በእርሳስ / ምልክት እያደረጉ ይቆጥራሉ። እርስዎ የሚያርሙት የትንታኔውን አንቀጽና የታረመውን ግጥም ብቻ ይሆናል። አንቀጹ ከ5 ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ ይገድቡ፤ ረዝሞ ከመጣ መልእክትና ምክር ገብቶበታል ማለት ነው።

አንቀጹ ምን መምሰል እንዳለበት ሁለቱን ጎን ለጎን ይጻፉላቸው። ደካማው፦ «በዚህ ግጥም ገጣሚው ስለ መልካም ጉርብትና በሚገባ ገልጿል፤ እኛም ከዚህ ብዙ እንማራለን።» የተሻለው፦ «ተናጋሪው ጎረቤቱን የሚያመሰግን ይመስላል፤ ‹ስለት ተሳለልኝ› ሲል የጸሎት ቃል ይሰማል። ‹ስለት› የቢላዋም አፍ ስለሆነ ያው ሐረግ ዛቻ ይሸከማል። ምስጋናውን ከላይ ያቆየው ‹ል› የምትለው ፊደል ናት፤ በ‹ብ› ብትተካ ዛቻው በግልጽ ይወጣል።» ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው በሁለተኛው ውስጥ ከግጥሙ የተወሰዱ ቃላትን ያስምሩ። በመጀመሪያው የሚሰመርበት አንድም የለም። ይህን ካዩ በኋላ 7ቱ ነጥብ ለምን እንደሚሰጥ መግለጽ አያስፈልግዎትም።

የ6ቱ ክፍለ ጊዜ አከፋፈል፦ አንደኛው ለቆጠራ፣ ሁለተኛው ለቤትና ሰሙን በስድ ንባብ ለመጻፍ፣ ሦስተኛው ለሰምና ወርቅ፣ አራተኛው አንቀጹን ክፍል ውስጥ ለመጻፍ፣ አምስተኛው ለራስ ግጥም፣ ስድስተኛው ለማንበብና ለእርማት። አራተኛውን ለቤት ሥራ አይተዉት። ቤት የተጻፈ ትንታኔ ከኢንተርኔት የተቀዳ ሆኖ ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ 25 ደቂቃ ይበቃል።

የተለመደ የእርማት ስሕተት፦ በ«ሀ/ሐ/ኀ»፣ በ«ሰ/ሠ»፣ በ«ጸ/ፀ» ላይ ነጥብ መቀነስ። ቤት የሚመታው በድምፅ ነው። «ነገሠ» እና «ደረሰ» ቤት ይመታሉ። የፊደል አጠቃቀም ሌላ ትምህርት ነው፣ እዚህ አይደባለቅ።

የቅዳሜ_ትምህርት_ቤት

ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ በሳምንት አንድ ቀን አማርኛ ለሚማሩ ወጣቶች ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራል፤ ችግሩ የሚጀምረው ግን ከአንድ ደረጃ በፊት ነው። ልጆቹ ይናገራሉ፣ ንባባቸው ግን ዘገምተኛ ነው። ቀስ እያሉ ሲያነቡ ሳድሱን ሁሉ አናባቢ ይሰጡታልና ቆጠራው ከመነሻው ይበላሻል። ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሰጡ በቃል ያስይዟቸው። 2 ስንኝ በጆሮ ብቻ፣ ተደጋግሞ። ቆጥረው 6/6ን ካገኙ በኋላ ነው ወረቀቱ የሚመጣው።

ሌላው ጥብቀት ነው። ፊደላችን ስለማያሳየው «አለ» ተናገረ ይሁን ኖረ፣ «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋ ይሁን ጠባብ ያልሆነ አይለዩም። ከሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ በቀለም ነጥብ ያድርጉላቸው። ለመጀመሪያዎቹ ግጥሞች መምህሩ ነጥቡን ያስቀምጣል፤ በኋላ ያለ ነጥብ የተጻፈ ግጥም ይሰጣቸውና ራሳቸው ያስቀምጣሉ። ይኸኛው ልምምድ በራሱ ትንታኔ ነው፤ ነጥቡን ለማስቀመጥ ፍቺውን መወሰን አለባቸው። ንባባቸውን በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገው በሳምንቱ መካከል ቢልኩ ቅዳሜ የሚታረመው ይቀንሳል።

አንጓ

የነጥቡ ሐሳብ አገር ቤትም ይሠራል፣ በተለይ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ ተማሪዎች።

አንድ ነገር ላክል። በመጀመሪያው ቀን ስያሜ ይስማሙ። አንዳንዱ መምህር «ስንኝ» ሲል አንድ መስመር ነው፣ ሌላው ጥንድ መስመር ነው። የቅኔ ቤት ልጅ ደግሞ ስለ አጭሩ የግእዝ ቅኔ «ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው» ሲል «ቤት» ያለው መስመሩን ነው፣ የእኛ መጽሐፍ ግን «ቤት» የሚለው የመጨረሻውን ተመሳሳይ ድምፅ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ጊዜ ይጻፉ፦ ሐረግ፣ ስንኝ፣ አንጓ፣ ቤት፣ እያንዳንዱ ከምሳሌው ጋር። ካልሆነ ግን ፈተና ላይ ተማሪው ያወቀውን ይስታል።

ጠመኔ

ሁለት ትንንሽ ጥያቄዎች ቀርተውኛል። በአንቀጹ ውስጥ ስንኝ ሲጠቅሱ እንዴት ይጻፉት? በስድስተኛው ክፍለ ጊዜስ በቃላቸው እንዲሉት ልጠይቅ ወይስ ከወረቀት ያንብቡ?

የወል_ቤት

ሙሉ ስንኝ ከጠቀሱ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው በእረፍቱ ላይ / ያኑሩ፦ «በጎረቤቴ ቤት / ስለት ተሳለልኝ»። ሁለት ስንኝ ከሆነ በአንቀጹ ውስጥ አይጨምቁት፤ ወደ አዲስ መስመር ወርዶ እንደ ግጥሙ ይጻፍ። ፊደሉን አይለውጡ። ገጣሚው «ያገሬ» ካለ «የአገሬ» ብለው አያርሙለት፣ ቀለሙ ይጨምራል። ቃል ሲጠቅሱ ደግሞ ቅጥያውን ቆርጠው አይጥሉ፤ ከላይ እንዳያችሁት ነገሩ የተንጠለጠለው ቅጥያው ላይ ሊሆን ይችላል።

በቃል ይበሉት፣ ግን የሌላ ሰው ግጥም 8 ስንኝ፣ የራሳቸውን ከወረቀት። የራሱን በቃሉ የያዘ ተማሪ ማረም አይፈልግም። ሲያቀርቡ በዜማ እንዳይሆን ያስጠንቅቁ፤ ብዙዎቹ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በሰርግ የለመዱትን ዜማ ይጭኑበታል፣ ያኔ ሁሉም ግጥም አንድ ዓይነት ይሆናል። እረፍቱ ላይ ድምፃቸው ለአፍታ ይቁም እንጂ ትንፋሽ አይሳቡ፤ ትንፋሽ የሚሳበው ስንኙ ሲያልቅ ነው። ሐሳቡ ወደ ቀጣዩ ስንኝ ከተሻገረ ደግሞ እዚያም አይሳብ፣ አራት ነጥቡ ድረስ ይሂዱ።